አፋርን በሰባት ቀን? አዋሽን ተከትለው ይውረዱ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከቨርጂኒያ ነው የጻፉልኝ። ለገና አዲስ አበባ ይገባሉ። ከጥምቀት በኋላ ሰባት ቀን አላቸው። የ71 ዓመት አባታቸውንና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው አፋርን ማየት ይፈልጋሉ። «አውሬውንም፣ ከተማውንም፣ የአርብቶ አደሩን መንደርም፣ ዳሎልንና ኤርታ አሌንም በአንድ ጉዞ እናዳርሰዋለን ወይ? አባቴስ ሙቀቱን ይችሉታል? ልጄስ አትሰለችም?» ይላሉ።

በአፋር መንገድ ላይ ብዙ ዓመት አስጎብኝቻለሁ። ስለዚህ ሳላንገራግር ልንገርዎት። ሁሉም በሰባት ቀን አይሆንም። በሰሜን አፋር ያሉትን ዳሎልንና ኤርታ አሌን ከዚህ ጉዞ ያውጧቸው። በምትኩ የአዋሽን ወንዝ ተከትለው ይውረዱ።

ለምን አዋሽን? አፋር ውስጥ ሁሉ ነገር ውሃ ይከተላል። ሰውም፣ ግመልም፣ አውሬውም፣ ጥጡም። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል። ቆቃ ላይ ይገደባል። ከዚያ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ወንዙ በረሃ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይህን መንገድ የተከተለ ሰው ፓርኩንም፣ ከተማውንም፣ መንደሩንም በመንገዱ ላይ ያገኛቸዋል። ወዲያና ወዲህ መባከን የለበትም።

ስለ ወቅቱ አይጨነቁ። የመረጡት ጊዜ ደግ ነው። አፋሮች ዓመቱን በራሳቸው ስም ይከፍሉታል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት ጊላል ይባላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚጥለው አነስተኛ ዝናብ ሱጉም ነው። ከዚያ ሐጋይ ይመጣል፤ ግንቦትና ሰኔ፣ ቃጠሎው ሰው የሚያስመርርበት ጊዜ። ዋናው ዝናብ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ከርማ ይሉታል። እናንተ የምትመጡት በጊላል ነው። ሰመራ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሌሊቱ ቀለል ያለ ጃኬት ያስፈልገዋል። በሐጋይ ግን አባትዎን ይዘው እንዲመጡ በፍጹም አልመክርም። ያኔ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ።

መጀመሪያ አዋሽ ከተማ ይግቡ። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ይሄዳሉ። መተሐራ ሲደርሱ መንገዱ ዳር በሰቃ ሐይቅን ያያሉ። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ላለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያስቸግር ኖሯል። ለልጅዎ ጥሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፦ ሌላው ሐይቅ ሲደርቅ ይህ ለምን ይሰፋል? እሷ ስታስብ እናንተ አዋሽ ሰባት ኪሎ ትደርሳላችሁ። እዚያ ሦስት ሌሊት እደሩ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው። ትልቅ አይደለም፤ ከ750 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ አያልፍም። ወደ ጂቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ብዙ ሰው ቀትር ላይ ገብቶ፣ ፏፏቴውን አይቶ፣ «አውሬ የለም» ብሎ ይወጣል። አውሬውማ አለ። ሰዓቱን ነው ያልጠበቁለት።

እባክዎ ከንጋቱ 12 ሰዓት በር ላይ ይሁኑ። ስካውቱን፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ማታውኑ ያነጋግሩ። ኢላላ ሳላ ወደሚባለው ሜዳ ይግቡና መኪናውን ያጥፉ። ሜዳው ስሙን ከሳላ ጋር ይጋራል። ሳላ ማለት ያ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ የሚመስለው የበረሃ እንስሳ ነው። ፀሐይዋ ከሣሩ በላይ ስትወጣ መጀመሪያ የሚያዩት ቀንዱን ነው። ሁለት ቀጭን ዱላ ሣር ላይ የተተከለ ይመስላል። ከዚያ ጆሮው ይንቀሳቀሳል። ያኔ እንስሳ መሆኑን ያውቃሉ።

ሳላ በቀን ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የሚቆምበት ዘዴ አለው፤ ይህን ለልጅዎ ይንገሯት። ውሃ እንዳያባክን ላቡን ይቆጥባል። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ይተወዋል። አንጎሉ ግን በዚያ ሙቀት ይጎዳ ነበር። ስለዚህ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በቀጫጭን ሥሮች መረብ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ከአፍንጫው ከሚመለሰው ቀዝቀዝ ያለ ደም ጋር ይጎራበትና ይበርዳል። እኔ ይህን ከተማርኩ በኋላ ሳላን ቀትር ላይ ቆሞ ሳይ «ደነዘዘ» ማለቴን ትቻለሁ። እየሠራ ነው።

በዚያው ሜዳ ሶመሪንግ የሚባለውን የሜዳ ፍየል ያገኛሉ። ቁጥቋጦው ውስጥ እንሹ አለ፤ ትንሽ፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆና የምትሄድ። ከርከሮም አይጠፋም። ዕድል ከቀናዎት አምባራይሌ የሚባለውን ቀንደ ጠምዛዛ አጋዘን መሰል እንስሳ ያያሉ። ለወፍ ከመጡ ደግሞ ከ450 በላይ ዝርያ የተመዘገበበት ቦታ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው አንድ ትዕይንት አለ። ኮሪ ባስታርድ የሚባል በጣም ከባድ ወፍ ሜዳው ላይ በእግሩ ይሄዳል። ጀርባው ላይ ደግሞ ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፍ ትቀመጣለች። ትልቁ ሲራመድ ከሣሩ ፌንጣ ይነሳል። ቀዩዋ ብድግ ብላ ትይዝና ተመልሳ ጀርባው ላይ ታርፋለች። ልጅዎ ይህን ካየች ስለ መሰልቸት ዳግም አይጠይቁኝም።

ፏፏቴውን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ግድም ይዩት። ከታች አዞ አለ፤ ወደ ውሃው አይውረዱ። በሰሜን በኩል ያለው ፍልውሃ በዘምባባ የተከበበ ነው፤ ውበቱ ዓይን ይስባል። ግን ውሃው አንዳንዱ ጋ ያቃጥላል፤ ቀዝቀዝ ባለበት ደግሞ አዞ ሊኖር ይችላል። ስካውቱ ሳይፈቅድ እጅ እንኳ አይንከሩ። አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬት ደጋግማ ተንቀጥቅጣለች። ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ከመሄድዎ በፊት የትኛው የፓርኩ መንገድ ክፍት እንደሆነ በስልክ ያረጋግጡ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ወደ ሀላይደጊ አሰቦት ይሂዱ። አሌደጊ ሜዳ እያሉ የሚጠሩትም አሉ። ከአዋሽ ከተማ ሩቅ አይደለም። ቱሪስቱ ብዙ አያውቀውም። ለእኔ ግን የዚህ ጉዞ ዕንቁ ነው። ሜዳው ዓይን እስኪደክመው ይዘረጋል፤ በስተደቡብ የአሰቦት ተራራ ከነገዳሙ ይታያል። እዚህ ግሬቪ የሚባለው የሜዳ አህያ አለ። ከተራው የሜዳ አህያ ይለያል። ቁመቱ ትልቅ ነው፤ ከዱር አህዮችና ፈረሶች ወገን የሚበልጠው የለም። ዝንጉርጉሩ ቀጫጭን ነው። ሆዱ ነጭ፣ ጆሮው ክብና ሰፊ ነው። ስሙን ያገኘው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአቢሲኒያ አንዱ በስጦታ ከተላከላቸው የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ከዡል ግሬቪ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ዱር ውስጥ የሚገኘው ኬንያና ኢትዮጵያ ብቻ ነው። አቁመው ይቁጠሩ። አሥር ካዩ ቀኑ የተባረከ ነው።

እዚያው ደግሞ የሚያሳዝነኝን ነገር ያያሉ። መንገዱ ዳር ሁሉ አረንጓዴ፣ እሾሃም፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ቁጥቋጦ አለ። ከሩቅ ሲያዩት «በረሃው ለምልሟል» ሊሉ ይችላሉ። አልለመለመም። ፕሮሶፒስ ነው። መጤ ዛፍ ነው፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጥላና አፈር ለመጠበቅ ተብሎ የተተከለ። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሉም ግመሉም ይበላዋል። ዘሩ በእበቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩ ሣር አያበቅልም። በዚህ የተነሳ ከብቱም የሜዳ አህያውም ግጦሹን አጥቷል። አርብቶ አደሩን ስለ በረሃ ችግር ቢጠይቁት ከድርቅ ቀጥሎ የሚነግርዎ ይህንኑ ነው። እሾሁ ጎማም ይበሳል፤ ሾፌሩ ከመንገድ ሲወጣ ይጠንቀቅ።

አራተኛው ቀን የመንገድ ቀን ነው። ከአዋሽ እስከ ሰመራ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማለዳ ተነሱ። ገዋኔ ላይ የአየሉ ተራራን ያያሉ፤ ከሥሩ አዋሽ ረግረግ ሆኖ ይተኛል። ከገዋኔ አልፎ እስከ ሚሌ ያንጉዲ ራሳ የተባለው ፓርክ አለ። የተከለለው በዋናነት ለአንድ እንስሳ ተብሎ ነው፤ ለአፍሪካ የዱር አህያ። ቤታችን የምናውቀው አህያ ቅድመ አያቱ ይህ ነው። እግሩ ላይ የሜዳ አህያ የመሰለ ዝንጉርጉር አለው። ዛሬ ከምድር ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዱ ነው። ይታደናል፤ በውሃ ጉድጓድ ላይ ከቤት እንስሳ ጋር ይጋፋል፤ ከቤት አህያ ጋርም ይደቀላል። ከመንገድ ላይ አያገኙትም። «አሳያችኋለሁ» የሚል አስጎብኚ ካገኙ ብርዎን ያስቀምጡ። ይህን የምለው እንዳያዝኑ ነው። የነበረበትን ምድር ማየትም ዋጋ አለው።

መንገዱ የጂቡቲ መንገድ ነው። ሲኖትራክና ቦቴ ቀን ከሌሊት ይርመሰመስበታል። ግመል ያቋርጠዋል። አንድ ሕግ አለኝ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አልገኝም። ማታ ግመል ከመብራትዎ በላይ ነው የሚቆመው። እግሩን እንጂ አካሉን አያዩትም፤ ሲያዩትም ረፍዷል። ደግሞ በአፋር የሰው ግመል መግጨት የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ጎሣ ከጎሣ ተቀምጦ የሚጨርሰው ነገር ነው። ሁለት ትርፍ ጎማ ይያዙ። ጎሚስታ ሚሌና ሎጊያ አለ፤ ከከተማ ከተማ መካከል ግን ምንም የለም።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ልንገርዎት። ያለ ዳጉ አፋር አይገባዎትም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ ወይም ይቀመጣሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያየውንና የሰማውን በሙሉ ይናገራል። የት ዘነበ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ የት ሰው ታመመ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን መጣ። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ ይለያል። ከዚያ ተራው ይቀየራል። ውሸት የጨመረ ሰው ክብሩን ያጣል።

ከብዙ ዓመት በፊት ከሰርዶ ወደ ሰሜን ስንሄድ መኪናችን ተበላሸ። ቀትር ነበር። ስልክ አይሠራም። የያዝነው ውሃ ለዚያ ቀን ይበቃል፤ ለማግስቱ ግን አይበቃም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ወጣት ከፍየሎቹ ጋር ብቅ አለ። ረዳታችን አፋር ነው፤ ተነስቶ ተቀበለው። እኔ «ውሃ የት እንዳለ ጠይቀው» እያልኩ ስጣደፍ እነሱ ተቀምጠው ተራ በተራ ያወራሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። ሲጨርሱ ረዳታችን ዞር ብሎ «በጠዋት አንድ ቦቴ ከዚህ በላይ ካለው ካምፕ ውሃ ሲያራግፍ አይቷል፤ ማታ በዚህ ይመለሳል» አለኝ። ማታ ቦቴው መጣ። ያ ወጣት ባይቀመጥ ኖሮ፣ ወይም ረዳታችን ለወሬው ትዕግሥት ባያገኝ ኖሮ፣ በእግራችን ወጥተን ነበር። በዚያ ሙቀት በእግር መውጣት ሞት ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ተወላጅ ሳልይዝ ከአስፋልት ወጥቼ አላውቅም። እርስዎም አይውጡ።

ሰመራ አዲስ ከተማ ናት። አሳይታን ተክታ የክልሉ መቀመጫ የሆነችው በቅርብ ነው። ሜዳዋ ጥቁር ድንጋይ ነው። መንገዱ ሰፋፊ፣ ሕንፃው የተራራቀ ነው። ቀትር ላይ ጭር ትላለች። እውነቱን ለመናገር ለጎብኚ ብዙ የላትም፤ አልጋ፣ ባንክ፣ ነዳጅና ፈቃድ ያገኙባታል። ሕይወቱ ያለው ጎን ለጎን ባለችው ሎጊያ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይውጡና ይራመዱ። ጂቡቲ ሊወርዱ የተሰለፉ መኪናዎች ይቆማሉ። ሾፌሮች ሽርጥ አገልድመው ሻይ ይጠጣሉ። አማርኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ በአንድ ጠረጴዛ ይሰማሉ። ትኩስ ሙፎ ዳቦ ካገኙ ከፍየል ጥብስ ጋር ይቅመሱት። አባትዎ ወንበር ይዘው ቢቀመጡ ሁለት ሰዓት ሳይታወቃቸው ይሄዳል።

በአምስተኛው ቀን አሳይታ ግቡ። ከሰመራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመንገድ ላይ ዱብቲን ያልፋሉ፤ የጥጥና የሸንኮራ አገር ነው፤ ውሃው ከአዋሽ ነው። አሳይታ የአውሳ ሱልጣኔት መዲና ነበረች። አውሳ ጥንታዊ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 የሐረር ኢማሞች መቀመጫቸውን ያዛወሩት ወደዚህ ነበር። አፋሮች ዛሬም በክብር የሚያነሷቸው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ የነገሡት በዚህ ነው፤ የሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተጠርቷል። ከተማዋ አሁን ዝግ ያለች ናት። እኔ ግን ከሰመራ ይልቅ እዚህ ማደር እመርጣለሁ። በማታ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጉ። ከታች አዋሽ ይታያል። ቡናማ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አዋሽ ፓርክ ላይ ሲጮህ የሰሙት ወንዝ እዚህ ድምፅ የለውም። ዘምባባው፣ በቆሎው፣ አዕዋፉ ዳር ዳሩን ይከተሉታል። ከዚያ ባሻገር ምድረ በዳው ነው።

ወደ አፋምቦ ሄዳችሁ ሐይቆቹን ማየት ትችላላችሁ። እስከ አቤ ሐይቅ ግን አይሞክሩ። ከኢትዮጵያ በኩል መንገዱ ከባድ ነው፤ በእግርና በግመል ቀናት ይወስዳል። ለአባትዎም ለልጅዎም አይሆንም።

መንደሩን ለስድስተኛው ቀን ተዉት። ቀኑን ሙሉ ለአንድ መንደር ስጡ። ሦስት መንደር በአንድ ጠዋት «አየን» ማለት ምንም አለማየት ነው። ከአሳይታ አስጎብኚው ቀድሞ ሰው ልኮ የሽማግሌዎቹን ፈቃድ ይጠይቅ።

የአፋር ቤት አሪ ይባላል። የታጠፈ እንጨት ላይ የዘምባባ ሰሌን ለብሶ እንደ ተገለበጠ ቅርጫት የሚቆም ነው። የምትሠራው ሴቷ ናት። ሰሌኑንም የምትሸምነው እሷ ናት። ግጦሽ ሲያልቅ ትፈታዋለች፤ እንጨቱም ሰሌኑም ግመል ላይ ይጫናል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ቤቷን ስትተክል አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ነፋሱን አየች። ጥቂት አፈር በጣቷ አንስታ ለቀቀችው። በሩን የት እንደምታደርግ የወሰነችው በዚያ ነው። ከዚያ ጉድጓዶቹን በአጭር እንጨት ቆፈረች። ቅስቶቹን አጥፋ በገመድ አሰረች። ሰሌኑን ከታች ወደ ላይ እየደረበች አለበሰችው። ከሰዓት በኋላ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ነፋሱ በሰሌኑ ቀዳዳ ይገባል። ውጪ ላይ ሰው መቆም አይችልም ነበር፤ ውስጡ ግን ቀዝቅዟል። እንደዚህ ያለ ቤት የሚሠሩ ሰዎችን «ቤት የላቸውም፤ ዘላን ናቸው» ሲሉ እሰማለሁ። ይከፋኛል።

እንግዳ ሲሆኑ እንዴት መሆን እንዳለብዎትም ልንገርዎት። ጠዋት «ማሒሴ» ብለው ሰላም ይበሉ። ለምስጋና «ጋዳጌ» ይበሉ። ሴቶች ሰፋ ያለ ቀሚስና ነጠላ ይልበሱ፤ ወንዶች ቁምጣ አይልበሱ። አባትዎ ቀድመው ይግቡ፤ አፋር ለሽማግሌ ትልቅ ክብር አለው፤ እሳቸው ስላሉ ብዙ በር ይከፈትልዎታል። ወተት ከሰጧችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ዕቃው በእንጨት ጭስ የታጠነ ስለሆነ ወተቱ የጭስ ሽታ አለው። ያልተፈላ ስለሆነ ለልጅዎ አያጠጧት፤ ለባለቤቷ በአክብሮት ቢነግሯት ታፈላላችኋለች። አስቀድመው ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ዱቄት ገዝተው ለሽማግሌው ይስጡ። ለሕፃናት ከረሜላና ብር አይበትኑ። ልጆቹ መኪና ባዩ ቁጥር እንዲሮጡ ያደርጋቸዋል፤ መኪና ደግሞ ይገጫቸዋል።

ፎቶ የሚነሣው በመጨረሻ ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ ይህን ተላልፌአለሁ። ጉድጓድ ላይ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ቆንጆ ሆና ታየችኝ፤ ሳልጠይቅ አነሳኋት። አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ማነህ? ከየት መጣህ? ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊልሙን እዚያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስገባ መጀመሪያ እቀመጣለሁ። ስሜን እናገራለሁ። የመንገዴን ወሬ እነግራለሁ። ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል።

አሁን ስለ ዳሎልና ኤርታ አሌ። የማላስቀራችሁ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው በኖረበት ቦታ የተመዘገበ ከፍተኛው አማካይ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ላይ ያለው ውሃ ከባትሪ አሲድ የሚወዳደር ነው፤ የጨው ቅርፊቱ በእግር ሊሰበር ይችላል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ቦታው አይደለም። ኤርታ አሌ በአፋርኛ «የሚያጨስ ተራራ» ማለት ነው። የቀለጠ ዓለት ሐይቁን በፎቶ አይተው ሊሆን ይችላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ፍንዳታ ወዲህ ግን ሐይቁ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ጭስ ብቻ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በታሪክ ሲፈነዳ የታየበት ማስረጃ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ የአፍዴራን መንደሮች ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። ግጦሽ በአመድ ሲሸፈን ፍየሉ ምን ይበላል? ጎብኚ ከመላክ በፊት እኔ የማስበው ይህን ነው። ሰሜኑን ለሌላ ጊዜ፣ ራሱን ለቻለ ጉዞ፣ ያለ ልጅና ያለ አዛውንት ይያዙት። የአሳሌን ጨው ቆራጮችና የግመል ጭነታቸውን ያኔ ያዩታል፤ አሞሌ የሚባለው ጨው አያት ቅድመ አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት መሆኑን አባትዎ ሳያውቁ አይቀሩም።

አባትዎ ሙቀቱን ይችሉታል? በጥር፣ በዚህ መንገድ፣ አዎ። ግን የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ውሃ ያስወጣል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ውሃ ሳይጠማቸው ይጠጡ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ይቁጠሩ። መኪናው ላይ ሃይላንድ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጀሪካን ውሃም ይጫን። ኦአርኤስ የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ የድርቀት መከላከያ ዱቄት አይርሱ። አዋሽ ዳር ወባ አለ፤ ደንጊ የሚባለው ትኩሳትም አካባቢውን ነክቶት ያውቃል። አጎበር ይያዙ፤ የወባ መከላከያ ክኒኑን ከአሜሪካ ሳይነሱ ይጠይቁ።

ስለ ፀጥታ። መንገዱ ክፍት የሚሆንበትና የማይሆንበት ጊዜ አለ። በተለይ ከገዋኔ እስከ ሚሌ ያለው መንገድ ላይ በየጊዜው ግጭት ተከስቷል። ወሬ አይከተሉ። ከመነሳትዎ ሁለት ቀን በፊት፣ ከዚያም በየጠዋቱ፣ አስጎብኚው ወደፊት ወዳለው ከተማ ይደውል። ሰመራ ያለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ የፈቃድ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ኬላ ላይ ይጠየቃሉ። መንገዱ ጥሩ ካልሆነ አዋሽና ሀላይደጊ ላይ ቀኑን አራዝመው፣ ሰመራ በአውሮፕላን ይሂዱ።

ለልጅዎ አንድ ነገር ብቻ። ወደ አፋር ከመውረድዎ በፊት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዷትና ድንቅነሽን ታያት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 ሀዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ማለት ነው። ሀዳር ከሚሌ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው፤ እዚያ ሄደው የሚያዩት ሸንተረርና አቧራ ነው፣ ስለዚህ አልመክርም። ሚሌ ላይ መኪናውን አቁመው «በዚያ በኩል ነው» ቢሏት ይበቃል። አቅርቦ ማሳያ መነጽርና ደብተር ይግዙላት። ያየችውን አንድ ገጽ፣ የሰማችውን ሌላ ገጽ ላይ ትጻፍ። መንደሩ ስትደርሱ ሽማግሌዎቹ ዳጉ ሲጠይቋት የምትናገረው ይኖራታል።

በሰባተኛው ቀን ከሰመራ በአውሮፕላን ይመለሱ፤ መኪናው ለብቻው ይውጣ። በአንድ ቀን 590 ኪሎ ሜትር መንገድ ለአባትዎ ወገብ አይሆንም። ትኬቱን አሁኑኑ ይያዙ። የመረጧቸውን ቀናት ካወቅኩ የአዋሽና የሀላይደጊ ስካውቶችን በዚያ ሰሞን የሜዳ አህዮቹ ወደ የትኛው ውሃ እንደወረዱ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።